ማክስ ታይለር

ማክስ ታይለር (ጥር 23 ቀን 1891 ዓ.ም. – ነሐሴ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1899 – ኦገስት 11 ቀን 1972) በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በአሜሪካ ያሳለፈ የቫይረስ ተመራማሪ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው 17ዲ የተባለው የቢጫ ወባ ክትባት እስካሁን ድረስ በመላው ዓለም ይሰጣል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከተወለዱ ሰዎች የኖቤል ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ነው። ክትባቱ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው የደረሰው በኢትዮጵያ ስለሆነ፣ የታይለር ታሪክ ከአገራችን የጤና ታሪክ ጋርም ይገናኛል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ቤተሰብ

ማክስ ታይለር በፕሪቶሪያ ከተማ ለቤተሰቡ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተወለደ። አባቱ አርኖልድ ታይለር ከስዊዘርላንድ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ እናቱም ኤማ የእዚያው አገር ተወላጅ ነበረች። አባትየው በደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ምርምርን ከመሠረቱት ሰዎች ዋነኛው ሲሆን፣ ኦንደርስተፖርት የተባለውን ታዋቂ የምርምር ተቋም በ1908 አቋቁሟል።

አባትየው ስሙን ያስጠራው በከብት ደስታ በሽታ ላይ በሠራው ሥራ ነበር። ይህ በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀና በታሪካችን ክፉ ቀን ተብሎ ለሚታወቀው ረሃብ ምክንያት ሆነ። ከዚያም አፍሪካን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ በ1896 ትራንስቫል ደረሰ። አርኖልድ ታይለር በዚያ ጊዜ ከበሽታው ከዳኑ ከብቶች ደም የተገኘ ሴረም ጤነኞቹን ሊጠብቅ እንደሚችል ከሞከሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ሴረም ማለት ደም ከረጋ በኋላ የሚተርፈው ጠራ ያለ ፈሳሽ ነው። አንድ አካል በሽታን ካሸነፈ በኋላ በደሙ ውስጥ የሚቀረው መከላከያ ኋላ የልጁም የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

ትምህርት

ማክስ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መሰናዶ ትምህርት ተከታተለ። በ1919 ወደ ለንደን ተጉዞ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በ1922 ሐኪም ሆኖ ለመሥራት የሚያስችለውን ፈቃድ አገኘ፤ የዶክተርነት ዲግሪ ግን አልያዘም። ከዚያ በለንደን የሐሩር በሽታዎችና የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት አጭር ሥልጠና ወሰደ። ይህ ሥልጠና በታካሚ አልጋ አጠገብ ከመሥራት ይልቅ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ሥራ እንዲመርጥ አደረገው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሐሩር በሽታዎች ክፍል ተቀጠረና ወደ ቦስተን ሄደ።

ቢጫ ወባ ምንድን ነው?

ቢጫ ወባ በስሙ ወባ ይባል እንጂ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። ወባ የሚመጣው ከጥገኛ ሕዋስ ሲሆን ቢጫ ወባ ግን በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ቫይረሱን ከሰው ወደ ሰው፣ በጫካ ደግሞ ከጦጣ ወደ ሰው የሚያዛምቱት ኤዲስን የመሳሰሉ ትንኞች ናቸው። በሽታው በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በማስመለስ ይጀምራል። አብዛኛው ታማሚ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ቫይረሱ ጉበትንና ኩላሊትን ያጠቃል። በዚህ ጊዜ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ደምም ይፈስሳል፤ እዚህ ደረጃ ከደረሱት ብዙዎቹ ይሞታሉ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ከበሽታው የዳነ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ዳግመኛ አይያዝም።

የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ በ1881 ሐሳብ አቀረበ፤ በዋልተር ሪድ የተመራው የአሜሪካ ጦር ኮሚሽንም በ1900 በሃቫና አረጋገጠው። የበሽታው መንስኤ ምንነት ግን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆየ። በሮክፌለር ተቋም የሚሠራው ጃፓናዊ ተመራማሪ ሂዴዮ ኖጉቺ መንስኤው ሌፕቶስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ ነው ብሎ በ1919 አስታወቀ፤ ዝናው ትልቅ ስለነበረም ብዙዎች ተቀበሉት።

በሃርቫርድ

ታይለር ሃርቫርድ ሲገባ መጀመሪያ በአሜባ ተቅማጥና በአይጥ ንክሻ ትኩሳት ላይ ሠራ። በ1926 ዩኒቨርሲቲው ወደ ላይቤሪያና ወደ ቤልጂየም ኮንጎ በላከው የምርምር ጉዞ ተካፍሏል። በዚያው ጊዜ ገደማ ከአለቃው ከአንድሩ ሴላርድስ ጋር የኖጉቺን ባክቴሪያ መረመረ። ባክቴሪያው ዌይል የተባለውን ሌላ የጉበት በሽታ ከሚያመጣው ባክቴሪያ እንደማይለይ ሁለቱ ተመራማሪዎች አሳዩ። ስለዚህ የኖጉቺ ግኝት የቢጫ ወባን መንስኤ ሊያስረዳ አልቻለም።

በ1927 በምዕራብ አፍሪካ የተሰማሩ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች በዛሬዋ ጋና አሲቢ ከተባለ ታማሚ የተወሰደ ደም ለጦጣ በመስጠት በሽታውን አስተላለፉ። መንስኤው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ የሚያልፍ ቫይረስ መሆኑም ታወቀ። አሲቢ ዳነ። ከእርሱ የተገኘው ቫይረስ ግን በስሙ ተጠርቶ በቤተ ሙከራ እየተራባ ቀጠለ። ይህን ሥራ የመራው ኤድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በቢጫ ወባ ሞተ። የራሱን ግኝት እንደገና ለመመርመር ወደ አክራ የሄደው ኖጉቺም በ1928 በዚሁ በሽታ ሞተ፤ አስከሬኑን የመረመረው ዊልያም ያንግም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተከተለው። በዚያ ዘመን በቢጫ ወባ ላይ መመራመር ሕይወትን አስይዞ መሥራት ነበር።

የነጭ አይጥ ሙከራ

ቫይረሱ ከታወቀ በኋላ ምርምሩን ያዘገየው የጦጣ ጉዳይ ነበር። ለሙከራ የሚያገለግሉት ጦጣዎች ከእስያ የሚመጡና ውድ ስለነበሩ፣ ብዙ ሙከራ ማድረግ አይቻልም ነበር። ታይለር ርካሽና በቀላሉ የሚራባ እንስሳ ፈለገና ነጭ አይጥን መረጠ። ሌሎች ቫይረሱን ከአይጥ ቆዳ ሥር ወይም ሆድ ውስጥ ቢወጉም አይጦቹ ሳይታመሙ ቀርተው ነበር። ታይለር ግን ቫይረሱን በቀጥታ ወደ አይጦቹ አንጎል ወጋ። አይጦቹ ሞቱ፤ የሞቱት ግን ከጉበት በሽታ ሳይሆን ከአንጎል ብግነት የተነሣ ነበር።

ውጤቱን በ1930 ሲያሳትም አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቹ አላመኑትም። በአይጦቹ አንጎል ውስጥ ያለው በእርግጥ የቢጫ ወባ ቫይረስ መሆኑን ግን በራሱ አካል ጭምር አየው፤ በ1929 በሥራ ላይ ሳለ በቫይረሱ ተይዞ ታመመ፣ ዳነም። ከዚያ በኋላ ደሙ መከላከያ ይዞ ተገኘ።

ታይለር ቫይረሱን ከአይጥ ወደ አይጥ ደጋግሞ ሲያሳልፍ አንድ ለውጥ አስተዋለ። ቫይረሱ አይጦችን ለመግደል የሚፈጀው ጊዜ እያጠረ ሲሄድ፣ የጦጣን ጉበት የመጉዳት ኃይሉ ደግሞ እየደከመ ሄደ። ይህም ቫይረስ ከለመደው አካል ውጭ ሲኖር ጠባዩ እንደሚለወጥ፣ ለውጡም ለክትባት ሊውል እንደሚችል አመለከተው። በ1930 ሃርቫርድን ለቅቆ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ተዛወረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1928 ሊሊያን ግራሃምን አግብቶ ነበር፤ አንዲት ሴት ልጅም ወልደዋል።

የበሽታ መከላከያ ፈተና

ታይለር ከክትባቱ በፊት ለዓለም ያበረከተው ትልቅ ሥራ የአይጥ መከላከያ ፈተና ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንድ ሰው የተወሰደ ሴረም ከቢጫ ወባ ቫይረስ ጋር ይቀላቀልና ለአይጦች ይሰጣል። አይጦቹ ከሞቱ ሰውየው ቫይረሱን የሚከላከል አንቲቦዲ የለውም ማለት ነው፤ አይጦቹ ከተረፉ ግን አካሉ አንድ ቀን ቫይረሱን አግኝቶ አሸንፎታል ማለት ነው። አንቲቦዲ የሚባሉት፣ አካል ከአንድ ጀርም ጋር ከተዋጋ በኋላ ያንኑ ጀርም ለይተው እንዲይዙ የሚያመርታቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ፈተና በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ከብዙ ሺህ ሰዎች የተወሰደ ደም ተመረመረ። ወረርሽኝ በዓይን ባልታየባቸው ቦታዎች ሳይቀር የሰዎች ደም የድሮውን በሽታ ይመሰክር ስለነበር፣ የቢጫ ወባ ቀበቶ የሚባለው የምድር ክፍል ካርታ ሊሣል ቻለ። ፈተናው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ አንድ ክትባት በእርግጥ መከላከያ ማስገኘቱን ሰውን ለበሽታው ሳያጋልጡ ማወቅ አስቻለ።

የ17ዲ ክትባት

በአይጥ አንጎል የተላመደው ቫይረስ በቀጥታ ለሰው ቢሰጥ አንጎልን ሊጎዳ ይችል ነበር። ስለዚህ በሮክፌለር ቤተ ሙከራ መጀመሪያ የተሞከረው ክትባት ቫይረሱን ከዳኑ ሰዎች ሴረም ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ነበር። አሠራሩ ቢሠራም ብዙ ሴረም ስለሚፈልግ ለሕዝብ ሊዳረስ አይችልም ነበር። ፈረንሳዮች በበኩላቸው የአይጡን ቫይረስ ያለ ሴረም በምዕራብ አፍሪካ በስፋት ሰጡ። ክትባታቸው ብዙ ሕይወት ቢያተርፍም በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም በሕፃናት ላይ የአንጎል ብግነት አስከትሏል።

ታይለርና ባልደረቦቹ የአሲቢን ቫይረስ ከሕያው እንስሳ ውጭ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ በተከተፈ የፅንስ ሥጋ ላይ ማራባት ጀመሩ። መጀመሪያ የአይጥ ፅንስ፣ ቀጥሎ የጫጩት ፅንስ፣ በመጨረሻም አንጎሉና የአከርካሪው ነርቭ የወጣለት የጫጩት ፅንስ ተጠቀሙ። የነርቭ ሥጋ ከሌለበት ቦታ የሚራባ ቫይረስ ነርቭን የማጥቃት ልማዱን ይተው ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር፤ ቫይረሱ በየጥቂት ቀኑ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዛወርና በየጊዜው በአይጥና በጦጣ ላይ ይፈተን ነበር።

17ዲ ተብሎ በተመዘገበው ተከታታይ ሥራ ውስጥ በ89ኛውና በ114ኛው ዝውውር መካከል ቫይረሱ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ለጦጣዎች ሲሰጥ የጉበት በሽታም ሆነ ገዳይ የአንጎል ብግነት አላመጣም፤ ደማቸው ግን ጠንካራ መከላከያ አበጀ። ለውጡ በምን ምክንያት እንደመጣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሊያስረዱ አልቻሉም፤ ሥራውን ሲደግሙትም ያው ለውጥ አልተገኘም። ታይለርና ሂዩ ስሚዝ ግኝቱን በ1937 አሳተሙ። ስሚዝ ወደ ብራዚል ሄዶ በዚያው ዓመት በሰው ላይ መጠነ ሰፊ ሙከራ ጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብራዚላውያን ተከተቡ።

የ1942 አደጋ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክትባቱ ለአሜሪካ ወታደሮች በስፋት ተሰጠ። በ1942 ከተከተቡት ወታደሮች ብዙዎች ከወራት በኋላ በወፍ በሽታ ታመሙ። ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም ነበሩ። ጥፋቱ የ17ዲ ቫይረስ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ክትባቱ እንዳይበላሽ የሰው ሴረም ይጨመርበት ነበር፤ ከለጋሾቹ አንዳንዶቹ ዛሬ ሄፓታይተስ ቢ የምንለውን ቫይረስ ተሸክመው ስለነበር ከክትባቱ ጋር አብሮ ተላለፈ። በብራዚል ተመሳሳይ ሕመም ቀደም ብሎ ታይቶ ስለነበር በዚያ ሴረሙን መጨመር ቆሞ ነበር። ከአደጋው በኋላ ሮክፌለርም ያለ ሰው ሴረም ማምረት ጀመረ።

ሌላም ትምህርት ተገኘ። ቫይረሱ ያለ ገደብ ከዕቃ ወደ ዕቃ ቢዛወር እንደገና ሊለወጥና ሊደክም ወይም ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ ሁልጊዜ ከአንድ ከተቀመጠ የዘር ክምችት እንዲመረት ተወሰነ። ይህ አሠራር ኋላ ለሌሎች የቫይረስ ክትባቶችም ደንብ ሆኗል።

የኖቤል ሽልማት

ሮክፌለር ፋውንዴሽን ከ1940 እስከ 1947 ድረስ ከ28 ሚሊዮን በላይ ክትባት አምርቶ አሰራጭቷል። ታይለር በ1949 የላስከር ሽልማትን፣ በ1951 ደግሞ የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። የኖቤል ኮሚቴው የሸለመው ቢጫ ወባን ለመከላከል በሚያስችሉ ግኝቶቹ ነበር። በዚያው በ1951 የሮክፌለር የቫይረስ ቤተ ሙከራዎች ኃላፊ ሆነ። በእርሱ ጊዜ ተቋሙ በትንኝና በመዥገር የሚተላለፉ ሌሎች ቫይረሶችን በየአህጉሩ ማጥናት ጀመረ። ታይለር በ1930ዎቹ በአይጦች ላይ ያገኘውና በስሙ የሚጠራው ሌላ ቫይረስም ነርቭን በሚጎዱ የመከላከያ ሥርዓት በሽታዎች ጥናት እስካሁን ያገለግላል።

በኢትዮጵያ የደረሰው ወረርሽኝ

ታይለር በኒው ዮርክ ኃላፊ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ፣ ክትባቱም ከተገኘ ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1960 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ተነሣ። እስከ 1962 ድረስ፣ ማለትም በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና እስከ ዲዴሳ ባሉ አካባቢዎች ተዛመተ። ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሰው ታመመ፤ ወደ 30 ሺህ የሚገመት ሰው ሞተ። በአፍሪካ ይህን የሚያህል የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተመዘገበም።

በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ወረርሽኙን አጠኑ። ቫይረሱን ያዛመተው በከተሞች የሚታወቀው ኤዲስ ኢጂፕቲ ብቻ እንዳልነበር ታወቀ። በእንሰትና በጎደሬ ቅጠሎች ብብት በሚቋጥረው ውኃ ውስጥ የሚራባ ሌላ የኤዲስ ወገን በየጓሮው ነበር። እንሰት ቤቱን ከብቦ የሚተከል በመሆኑ ትንኙም ከሰው ደጃፍ አይርቅም ነበር። አብዛኛው የአካባቢው ሕዝብ ከበሽታው ጋር ተገናኝቶ ስለማያውቅ ደሙ መከላከያ አልነበረውም፤ መንገድና የጤና ተቋምም ጥቂት ስለነበር ክትባቱ የደረሰው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነበር።

ወረርሽኙን ለማቆም የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። በ1966 ግን በስምጥ ሸለቆ በሚገኘው በአርባ ምንጭ አካባቢ በሽታው እንደገና ታየ፤ ይህ አካባቢ ቀደም ባለው ዘመቻ ያልተሸፈነ ነበር። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ተነሥቷል። በእነዚህ ጊዜያት የክትባት ዘመቻዎች በፍጥነት ስለተካሄዱ እንደ ድሮው አልተዛመተም። ለቢጫ ወባ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ የሆነው የደንጊ ቫይረስም በ2013 በድሬዳዋ ታይቷል፤ እርሱንም የሚያስተላልፈው በውኃ ማጠራቀሚያና በአሮጌ ጎማ ውስጥ የሚራባው ኤዲስ ኢጂፕቲ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ታይለር በ1964 ከሮክፌለር ወጥቶ በዬል ዩኒቨርሲቲ የኤፒዲሚዮሎጂና የማይክሮባዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ 1967ም አስተማረ። ከዊልበር ዳውንስ ጋር በነፍሳት ስለሚተላለፉ ቫይረሶች ያዘጋጀው መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1973 ነው። በ73 ዓመቱ በኒው ሄቨን ከተማ አረፈ።

ውርስ

ዛሬ በዓለም የሚሰጡት የቢጫ ወባ ክትባቶች በሙሉ የ17ዲ ዘሮች ናቸው፤ እስካሁንም ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ክትባት ተሰጥቷል። ከተከተቡት አብዛኞቹ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ መከላከያ ያበጃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ እንደሚበቃ ያስታወቀ ሲሆን፣ የተጓዦች ቢጫ ካርድም ከ2016 ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሆኗል። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናትና የመከላከያ አቅማቸው እጅግ ለተዳከመ ሰዎች አይሰጥም፤ ለአረጋውያንም ጥንቃቄ ይደረግበታል።

የ17ዲ ቫይረስ ለሌሎች ክትባቶችም መሠረት ሆኗል፤ የጃፓን የአንጎል ብግነትና የደንጊ ክትባቶች በእርሱ ላይ ተሠርተዋል። ተመራማሪዎችም የሰው አካል ለአዲስ ቫይረስ የሚሰጠውን ምላሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመከታተል 17ዲን የተከተቡ ጤነኛ ፈቃደኞችን ደም ያጠናሉ። በ1927 ከአንድ የጋና ታማሚ የተወሰደው ቫይረስ በታይለር እጅ ተለውጦ ሰውን የሚጠብቅ ሆነ። ጥበቃው ግን ክትባቱ በደረሰበት ቦታ የሚቆም መሆኑን የኦሞ ሸለቆና የአርባ ምንጭ ታሪክ ያሳያል።